ያላለቀሰው በያጅ

«ይቺ ገጽ ትውጣ» አለ የደንብ ማስከበር ቢሮው ኃላፊ፣ ወረቀቱን በመኪናው ቁልፍ ጫፍ እየነካካ። «ሌላው ሁሉ ቆንጆ ነው። ይቺ ግን ነገር ነገር ትሸታለች።»

በያጁ ወረቀቱን አላየም። ያየው ቁልፉን ነው። ይህ ሰው ጥናቱ ሲጠና አልነበረም፣ ሲጻፍ አልነበረም፣ ሲታረም አልነበረም። ዛሬ የኮሌጅ ቡድናቸው ክፍሉ ፊት ቆሞ ጥናቱን ሊያስረዳ ኮሪደሩ ላይ ተራ ሲጠብቅ ግን ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ከች አለ። ሽቶው ቀድሞት ደረሰ። ሰላምታውም የዚያው ዓይነት ነው፤ እጁን ይሰጥሃል፣ ዓይኑን ግን ከኋላህ ለቆመ ለሌላ ሰው ያስቀምጠዋል።

«የትኛዋ ገጽ?» አለ በያጁ፣ አውቆ።

«ይቺ ናታ፣ ሱቃችን ፈረሰ ባዮቹ ያሉባት። ማስጠንቀቂያ አልደረሰንም፣ ወረቀቱ የተለጠፈው ካፈረሱን በኋላ ነው፣ የተጻፈበትም የድሮ ቀን ነው የሚሉት። ይሄ ወሬ ነው እንጂ ጥናት ነው እንዴ? ደግሞ የማቀርበው እኔ ነኝ። በገዛ አፌ የገዛ ቢሮዬን ልስደብ?»

«እርስዎ ነዎት የሚያቀርቡት?» አለ አሥር አለቃው። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ከቡድኑ አራት ሰዎች ነገርን በቀልድ አዋዝቶ መናገር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። «እኛ እኮ ጌታዬ፣ ድምፅዎ ሲጠፋብን ታመው ይሆናል ብለን ልንጠይቅዎት ተነሥተን ነበር።»

ኃላፊው ሳቀ። «ሥራ ነዋ አሥር አለቃ። እናንተ ስለ አስተዳደር ታነባላችሁ፣ እኔ አስተዳድራለሁ። ደግሞ ለእናንተው ብዬ ነው፤ እኔ ካቀረብኩት መምህሩ ውጤት አይሰስትም።»

አራተኛዋ የቡድኑ አባል፣ ፀሐፊዋ፣ የታተመውን ጥናት ቀሪ ገጾች ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። በያጁ አፉን ሊከፍት ሲል በጫማዋ ጫፍ እግሩን ረገጥ አደረገችው። እሱም አፉን ዘጋ።

በያጁ ይህን ሰው ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። ሰውየው ግን እሱን አያውቀውም። የነገሩ መራራነት እዚህ ላይ ነው።

ያን ጊዜ በያጁ መንገድ ዳር የራሱ ወርክሾፕ ነበረው። አንድ ባለ ትልቅ ቤት ደንበኛ የግቢ በር ካልደረሰልኝ ብሎ አስቸኮለውና፣ የጭምብሉ መስተዋት ተሰንጥቆ ሳለ እሱን ለመለወጥ እንኳ ፋታ ሳያገኝ ሲበይድ ዋለ፤ ዓይኑን ብየዳ መታው። ብየዳ የመታውን ዓይን የደረሰበት ያውቀዋል። አሸዋ የሞሉበት ይመስላል፤ መግለጥ አይቻል፣ መክደን አይቻል፣ እንባው ሳይጠሩት ይወርዳል። ቤተሰቡ ድንች እየቆረጠ ዓይኑ ላይ ሲያደርግለት አደረ። በማግስቱ ፊቱን በመሐረብ እየጠራረገ ሥራ ቦታው ሲደርስ ወርክሾፑ የለም። ቆርቆሮው ተጨራምቶ፣ በገዛ እጁ የሠራው በር ተጣሞ መኪና ላይ ተጭኗል። ከጎን ባለው አጥር ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ሙጫው ገና እርጥብ ነው፤ ቀኑ ግን ያለፈው ወር ነው።

በዚያው ዓይኑ ደንብ ማስከበር ቢሮ ገባና «ይሄ ወረቀት መቼ ነው የተለጠፈው?» ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ከስልኩ ላይ በቅጡ እንኳ ቀና ሳይል፣ «አንተ ሰውዬ ደንብ አታውቅም። ሂድና ተማር፣ ከዚያ ተመልሰህ ና፣ እንነጋገራለን» አለው። ቀጥሎም ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሶፍት ወደ እሱ ገፋ አደረገው። በያጁ ሶፍቱን አልነካውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ረግሞ ይተወዋል። በያጁ የሚተው ሰው አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የደረሰበትን ንቀት ሁሉ እንደ ሥራ ዕቃው አጽድቶ፣ ዘይት ቀብቶ ነው የሚያስቀምጠው። ታላቅ ወንድሙ ትምህርት ቤት ሲላክ «የአንተ እጅ ጠንካራ ነው» ተብሎ ብረታ ብረት ቤት መሰጠቱን፤ የሳሎኗን መስኮት እንዲሠራላት የጠራችው ሴትዮ «ምንጣፌን ታቆሽሻለህ» ብላ ልኩን ከውጭ ሆኖ እንዲገምት ማድረጓን፣ ሥራው ሲዛነፍ ደግሞ ደንቆሮ ብላ መስደቧን፤ በሚስቱ እህት ሠርግ ከሾፌሮቹ ጋር እንዲቀመጥ መደረጉን። አንዱንም አልጣለም። እናም ሂድና ተማር የተባለው ሰው፣ ሄዶ ተማረ። መጀመሪያ ያቋረጠውን ክፍል በማታ ጨረሰ። ከዚያ የቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ ገብቶ የአካባቢ አስተዳደር ለመማር ተመዘገበ።

«ሰው ሲናደድ ይጮኻል፣ ወይ ይጠጣል» አለች ሚስቱ። «አንተ ትመዘገባለህ?»

«ብጮህስ ማን ሰማኝ?»

የሚገርመው፣ ትምህርቱ ንዴቱን አላበረደውም፤ አባሰው እንጂ። እያንዳንዱ ምዕራፍ አዲስ ቁስል ሆነበት። ከማፍረስ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ግዴታ መሆኑ፣ ነዋሪው አቤት የሚልበት ሌላ ቢሮ መኖሩ፣ ያም ቢሮ መልስ ሳይሰጥ ዝም ማለት አለመቻሉ፣ ሁሉም ድሮውንም ተጽፎ ነበር። እሱ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ዓይኑን እየጠራረገ ሲቆም ደንቡ ከሰውየው ጀርባ መደርደሪያው ላይ ነበር ማለት ነው። ሌላው ተማሪ ሲያጠና በቀለም ያሰምራል፤ እሱ ጥርሱን ያፋጫል። ተምረህ ምን ልትሆን ነው ሲሉት አያፍርም፤ «ያቺ ወንበር ላይ ልቀመጥ ነው» ይላል። የሰፈር ሰው «ከንቲባው» እያለ ሲቀልድበት ቀልዱንም ተቀብሎ ከሌሎቹ ንቀቶች ጎን ደረደረው።

ታዲያ በመጨረሻው መንፈቅ ዓመት፣ ዲፕሎማ የሌለው ኃላፊ ወንበሩን ያጣል የሚል መመሪያ ወጣ። ያ ሰውም ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ የሌላ ኮሌጅ ነጥብ አዛውሮ ክፍላቸው ገባ። መምህሩ ቡድን ሲደለድል ደግሞ ያ ሁሉ ተማሪ እያለ አምጥቶ ከበያጁ ጋር ጣለው።

«ወንድሜ፣ በምን ሥራ ላይ ነህ?» አለው ኃላፊው የዚያን ቀን።

«ብረት ሥራ።»

«ጎበዝ፣ በርታ» አለና ስልኩን አነሣ።

ከክፍል እንደወጡ ፀሐፊዋ ክንዱን ይዛ አቆመችው። ፀሐፊዋ የሟች እህቱ ልጅ ናት። እሱ ቤት ነው ያደገችው፤ ኮሌጅም እሱ ነው ገፋፍቶ ያስመዘገባት። የምትሠራው ደግሞ እዚያው ደንብ ማስከበር ቢሮ ነው፣ በኮንትራት፣ የዚያው ሰው በር ላይ።

«ጋሼ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ» አለችው። «ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። የሚያድሰው እሱ ነው። አንተን አላስታወሰህም፤ እንዳታስታውሰው። አጎቷ ነኝ ብለህም እንዳትናገር።»

«ካድሽኝ?»

«ኮንትራቴን እስኪያድስልኝ ነው ጋሼ።»

እናቷን ስለጠራችበት ዋጠው። ንዴቱን ግን የሚያፈስበት አላጣም። የጥናቱን ርዕስ እሱ መረጠ፤ የመንገድ ዳር ሱቆች ሲነሱ ማስጠንቀቂያ እንዴት ይሰጣል የሚል። ከሥራ መልስ እየዞረ ጠየቀ። የልብስ ስፌት መኪናዋ ከነጨርቁ የተወሰደባትን መበለት አነጋገረ፤ መኪናዋ ሲመለስላት እግሩ ተሰብሮ ነበር፣ አሁን በጉልበቷ እየደገፈች ትሰፋለች። ሱቁ የፈረሰበትን አንድ ቁልፍ ቀራጭም አነጋገረ። ሦስተኛው ሰው ራሱ ነበር። ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ መለሰ፣ «ሦስተኛው መላሽ፣ በብየዳ ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው» ብሎ ጻፈ። የእህቱ ልጅ ስትተይበው ሳቋ አመለጣት።

«ጋሼ፣ ራስህን አንቱ ብለህ ቃለ መጠይቅ አደረግኸው?»

«ሌላ ማን ይበለኝ?»

እነሆ አሁን ኃላፊው ያቺኑ ገጽ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አነበበ። ሦስተኛው መላሽ ጋ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ቆይ ቆይ፣ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ እኮ» አለ። «ይሄ የቢሮው ቀልድ ነው። አንቺ፣ ይሄ አይደል እንዴ ሁሌ የማወራልሽ?»

ፀሐፊዋ ወለሉን አየች።

«ስሙማ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፣ እጁ አካፋ የሚያህል። ቢሮዬ ገባና ጠረጴዛዬ ፊት ተገትሮ ያለቅሳል። ትልቅ ሰው እኮ ነው፤ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። እኔማ አንጀቴን በላው፣ ሶፍት ሰጠሁት። ሂድ ተማር ስለው ጭራሽ ባሰበት። እስከ ዛሬ ድረስ ባለጉዳይ ሲያስቸግር ‹ኧረ ለሰውየው ሶፍት አቀብሉት› እንባባላለን።»

አሥር አለቃው አልሳቀም። ታሪኩን ከነድንቹ ያውቀዋል። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣሪያውን አየ፣ በመጨረሻም «ጌታዬ፣ ሰውየው ዓይኑን አሞት ይሆናላ» አለ።

«ተወኝ እባክህ፣ ልቡን ነው ያመመው።»

በያጁ የወርክሾፑን መፍረስ፣ ሂድ ተማር መባሉን፣ የእህቱ ልጅ መካዷን፣ ሁሉን ችሎት ነበር፤ ባይችለውም ቦታ ቦታ አስይዞት ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ እዚያ ቢሮ ውስጥ አልቃሻ ሆኖ ሲኖር እንደነበር ግን አያውቅም። እሱ እዚህ ዓይኑ እስኪደክም መመሪያ ሲያነብ፣ እነሱ እዚያ ሶፍት ሲቀባበሉበት። የማያውቀው ባለጉዳይ ሁሉ ስድቡን በእሱ ስም ሲጠጣ። እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ሊቀበል ይሁን አንገት ሊይዝ ራሱም አልለየውም።

ፀሐፊዋ ቀደመችው። «አንዴ ይቅርታ፣ ገጹን እናስተካክለው» አለችና እጅጌውን ይዛ ወደ ደረጃው ጎተተችው።

«ሰምተሻል አይደል?» አለ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ አቅቶታል። «አለቀሰ ይለኛል። አንቺም እዚያ በር ላይ ተቀምጠሽ እኔ ላይ ሲሳቅ ስትሰሚ ኖረሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ምን ልበል? ተየብኩ።»

«ዓይኑን ብየዳ መትቶት ነው ማለት አቃተሽ? ያን ቀን ድንቹን ስትቆርጪ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ» አለች። «አንዱን ድንች ጨርሼ ሌላውን ስልጥ እኔ ነበርኩ። ግን አሁን ገብተህ ብትዘረግፈው ለአንተ ይወጣልሃል። ሰኞ በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንተ የተማርከው ለንዴትህ ነው ጋሼ። እኔ የተማርኩት ለልጄ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር በያጁን ፊት ለፊት የተናገረው ሰው አልነበረም። ሊቆጣት ፈለገ፤ ቁጣው ግን የሚይዘው አጣ። ያሳደጋት እሱ ነው። ነገርን ሳይሸፋፍኑ መናገርን የለመደችው ከእሱ ቤት ነው። ከላይ የኃላፊው ሳቅ ይሰማል፤ ለሌላ ሰው እያወራ ነው፣ ምናልባትም ያንኑ ታሪክ።

«እና ገጹ ይውጣ ነው የምትዪው?»

«ይውጣ። ዲፕሎማህን ያዝ። ከዚያ ወንበሩን ተወዳድረህ ውሰድበት።»

«ስሜስ? ማስጠንቀቂያ በአግባቡ ይሰጣል ከሚል ወረቀት ላይ፣ ከእሱ ስም ቀጥሎ ይቀመጥ?»

የወረቀቱን ጥግ በጥፍሯ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«አውጪው» አለ። «ያልሽው ይሁን። ግን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እኔና አንቺ አንተዋወቅም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስትክጂኝ ችዬሽ የለ? አሁን ተራው የእኔ ነው።»

ጥሏት ደረጃውን ወጣ። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ የቡድኖቹን ተራ ያስተካክላል። ገና ወጣት ነው፤ ቅዳሜን እዚህ፣ እሑድን ሌላ ኮሌጅ እያስተማረ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ስሜን ከቡድኑ አውጣልኝ» አለው በያጁ።

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ?»

«ጥናቱ የእኔ አይደለም።»

«እንዴ፣ ከአንተ ወዲያ ማን ሠራው? እኔ መች ጠፋኝ?»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ፣ አለመጥፋቱ። ሰውየው አንድ ቀን እንዳልመጣ ታውቃለህ። አውቀህ ዝም ትላለህ።»

መምህሩ አንገቱን አከከ። ሊቆጣ አሰበና ተወው። «ያለ ቡድን ውጤት የለህም» አለ ድምፁን ቀንሶ። «ኮርሱን ትወድቃለህ። ተመልሶ የሚሰጠው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከእነሱ ጋር አትመረቅም፤ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። እደግመዋለሁ።»

«አንድ አቀራረብ ነው እኮ። አሥር ደቂቃ ብትታገሥ።»

«ስታገሥ ነው ያረጀሁት። ስደግመው ለብቻዬ መሥራት ይቻላል?»

«ካመለከትክ ይቻላል።»

«ይኸው አመልክቻለሁ።»

መምህሩ ስሙን ሰረዘ። በያጁ ስንት ቅዳሜ ሥራ ዘግቶ የመጣበት፣ ሚስቱ «በዚህ ዓመት ግን ትጨርሳለህ አይደል?» ያለችበት ነገር በአንዲት ሰረዝ አለቀ። ለእሷ ምን እንደሚላት አላሰበበትም ነበር። አሁንም ሊያስብበት አልፈለገም።

«እንግዲያው ዛሬ አድማጭ ነህ» አለ መምህሩ። «ከአድማጮቹ ጋር ተቀመጥ።»

«አድማጭ መጠየቅ ይችላል?»

መምህሩ ቀና ብሎ አየው። «የማይጠይቅ አድማጭ ምን ያደርግልኛል?» አለ።

በያጁ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፉን ይዞ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ቡድኑ ወጣ። ሦስት ሆነው ቆሙ። ኃላፊው መሐል ነው፤ ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ሰው ሰብስቦ መናገር እንደለመደ ሰው ድምፁን እየጣለ እያነሣ ያብራራ ጀመር። አራተኛው ሰው የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም፤ መጉደሉንም ያየ አይመስልም። አሥር አለቃው ግን በያጁን አግዳሚው ላይ ሲያገኘው ቅንድቡን አነሣ። ወዲያው ነገሩ ገባውና ከኃላፊው ጎን ፈቀቅ ብሎ ቆመ፣ ፍንዳታ እንደሚጠብቅ ሰው። የእህቱ ልጅ ወረቀቱን አቅፋ ባዶ ቦታ ታያለች።

«እንግዲህ ሲጠቃለል» አለ ኃላፊው፣ «ሕገ ወጥ ግንባታ ሲነሣ ነዋሪው በቂ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። በጥናታችን ያነጋገርናቸው ሰዎችም ይህንኑ አረጋግጠውልናል። ቅሬታ የለም ማለት ይቻላል።»

የመበለቲቱ ጉልበት በያጁ ፊት ድቅን አለ፤ የስፌት መኪናውን ደግፋ የምትይዝበት ጉልበት። ያነጋገርናቸው ይላል። ደጇ የት እንዳለ እንኳ የማያውቅ ሰው።

«ጥያቄ ያለው?» አለ መምህሩ።

በያጁ ለዓመታት ሲያሰናዳው የኖረ ንግግር ነበረው። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ ብሎ የሚጀምር ነው። ሌሊት ሌሊት ጣሪያ እያየ አርሞታል፣ አሳጥሮታል፣ ብየዳ ላይ ሆኖ ለራሱ አቅርቦታል። አሁን ቢለው ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሰውየውም ደረቱን ይዞ፣ «ውይ ወንድሜ፣ አንተ ነህ እንዴ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ይላል። አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይስቃል፣ ነገሩ በእቅፍ ያልቃል። ሰኞ ደግሞ ያ ሰው በሩ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ፣ የማን ዘመድ ነሽ ብሎ ይጠይቃል።

እጁን አነሣ።

«እሺ፣ ወንድሜ» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ፣ ዓይኑን ከበያጁ ኋላ ለተቀመጡት አስቀምጦ።

በያጁ ተነሣ። ስለ ራሱ ሊናገር ያሰናዳውን ሁሉ ተወው።

«ማስጠንቀቂያው የሚለጠፈው ከመፍረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለ። «በፊት ከሆነ የሚለጥፈው ማን ነው? በኋላ ሆኖ ሲገኝስ የሚጠየቀው ማን ነው?»

ኃላፊው ሳቅ ሊል ሞከረ። «ይሄ እንኳ ሰፊ ነገር ነው፣ በኋላ ሻይ ላይ እናወራዋለን። ተቀመጥ ወንድሜ።»

«ግድ የለም» አለ በያጁ። «አልቸኩልም። መልሱን ቆሜ እጠብቃለሁ።»

አልተቀመጠም።